የሐጀራ ክንድ በዝናብ ምክንያት ስለመሰበሩ

ለጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ ለክቡር ኢንጂነር
ባሉበት (የት እንዳሉ ባናውቅም)

ረቡዕ፣ ቱሉ ዲምቱ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎስ እንዴት ነው? ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ፊት መቀመጥ ወገብ ይይዛል ሲሉ ስለሰማሁ፣ እዚህ ያለነው ሁላችን የእርስዎ ወገብ እንዲጸናልን ከልባችን እንመኛለን። እኛ በጣም ደህና ነን። አንድ ክንድ፣ አንድ መንጋጋ፣ ሁለት ጥርስ፣ የአንድ ሰው ጆሮና የአንድ ቆጣሪ አንባቢ ትከሻ ሲቀር ሌላው አካላችን ሁሉ በቦታው አለ።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ልመናዬን እንደ ሌሎች ደብዳቤ ጸሐፊዎች መጨረሻ ላይ አልሸሽገውም። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወደ ታችኛው ረድፍ የሚገባውን ኤክስካቫተር ያስቁሙልን፤ ወይም ደግሞ መጥተው በአፍዎ ይንገሩን። ሁለቱም ካልሆነ ቅዳሜ ሰው ይሞታል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ እርስዎ በሚወዱት ቋንቋ ልናገርና፣ የአደጋ ስጋት ትንተና ነው።

ሰፈራችንን አይተውት ስለማያውቁ ትንሽ ላስተዋውቅዎ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ ቤት አለ፤ አሥራ ሰባቱ የላይኛው ረድፍ፣ አሥራ ሰባቱ የታችኛው ረድፍ ይባላል። ሁላችንም በፊት ለፊታችን በአጠናና በቆርቆሮ በረንዳ አውጥተናል፤ አብዛኞቻችንም ሱቅ ከፍተንበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከላይ ይመጣና ሳያንኳኳ ይገባል። ስለዚህ ቦዩን ሦስት ዓመት ሙሉ የለመንነው እኛው ነን። ማሽንዎ የመጣ ቀን እልል ብለናል፤ እኔ ራሴ ድምፄ እስኪዘጋ። ቦዩ በደጃፋችን ስለሚያልፍ በረንዳዎቹ መነሳት እንዳለባቸውም ገብቶን ነበር። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃችንንና ልጆቻችንን እንድናነሳ ቀኑን ንገሩን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ቅሬታ የሚለው ቃል ስክሪንዎን እንዳያቀላው ብዬ ነው እንጂ፣ ምስጋናዎቹ በተራ ቁጥር ቀርበዋል።

፩ኛ. ስለ አዲሱ ሶፍትዌርዎ እንኳን ደስ አለዎት። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለአምስት ቀን በተሰጠው ስልጠና ላይ ተምረው ማምጣትዎን፣ ምሳውም ዓሣ እንደነበር ሰምተናል። ፕሮግራሙ ግሩም ነው ይባላል። ሥራውን ሁሉ በየሣጥኑ ይደረድራል፣ የተጀመረውን ቢጫ፣ ያለቀውን አረንጓዴ፣ የዘገየውን ቀይ ያደርጋል፣ ለሚመለከተው ሁሉ ራሱ መልእክት ይልካል። ሰው መላክ ቀረ ማለት ነው። ችግሩ እኛ «ባለድርሻ አካላት» በሚለው ገጽ ስንመዘገብ የየአንዳንዳችንን ስልክ መጠየቁ ነው። ያለ ስልክ አላሳልፍም አለ። ስልካችንን ደግሞ ማንም መጥቶ አልጠየቀንም።

መረጃ የምታስገባልዎት ሶሊያና ይህንኑ ደውላ ነግራዎት ነበር። (እሷን እንዳይቆጧት፤ ሰኞ ሥራዋን ለቃለች። ይህን ሁሉ ያጫወተችኝም ጸጉር ቤት ካስኩ ሥር ተቀምጠን ነው፤ እንባዋና የጸጉሯ ውሃ አብሮ ሲወርድ።) እርስዎም በዚያው በለመዱት ፍጥነት «የሆነ ስልክ ሙዪበትና አሳልፊው፣ ዋናው እንዳይቆም ነው» አሏት። እሷም በመስኮት ስትመለከት የዕቃ ግምጃ ቤታችሁ በር ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር አየች። የጥበቃው የጋሼ ሰቦቃ ስልክ ነው። በሠላሳ አራት አባወራ ስም አጠገብ ሠላሳ አራት ጊዜ ሞላችው።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ፕሮግራምዎ ግዴታውን ተወጣ። ጋሼ ሰቦቃ ስልካቸው አግዳሚው ላይ እየተንዘረዘረ ሊወድቅ ሲል ያዙት። «ውድ ነዋሪ፣ የበረንዳዎ ማፍረስ ሥራ ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀመራል» ይላል። የት ሰፈር፣ የማን ቤት፣ አይልም። ይህ መልእክት ሠላሳ አራት ጊዜ ገባላቸው። እኚህ ሽማግሌ የዛሬ ስንት ዓመት ገብስ ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አንድ ጊዜ ቤታቸው ፈርሶባቸዋል። «አንድ ጊዜ ቢሉኝ ስህተት ነው እል ነበር፤ ሠላሳ አራት ጊዜ ሲሉኝ ግን ቆርጠዋል አልኩ» ይላሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ሥራቸውን ትተው ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ወረቀት ይዞ ወደ በራቸው የተጠጋውን የመጀመሪያ ሰውም ትከሻው ላይ አሳረፉበት። ምስኪኑ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ነበር የመጣው። ክቡርነትዎ፣ ከመልእክትዎ ጥራት የተነሳ አንድ ሰው እንኳ ተዘጋጅቶ መጠበቁን ልብ ይበሉልን።

፪ኛ. ስለ ዓርብ ሕግዎ። ከስልጠናው ካመጧቸው ጠቃሚ ምክሮች መካከል «ቀይ ሥራ ወደ ሰኞ አይሻገርም» የሚለውን አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል አሉ። ምክሩ በራሱ ክፉ አይመስለኝም፤ የተናገረው ሰው ቀይ የሆነውን ሥራ ሠርታችሁ ጨርሱ ማለቱ ይሆናል። በእርስዎ ቢሮ ግን ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሠራተኛ ቀዩን እየጫነ አረንጓዴ ያደርጋል። «ነዋሪዎችን ማሳወቅ» የሚለው ሣጥንም እንደ ጓደኞቹ ተጫነና አረንጓዴ ሆነ። ማሽኑ ደግሞ ሐሰት አያውቅም፤ ማሳወቁ ካለቀ ማፍረሱ ይጀመር ብሎ ለኦፕሬተሩ ትእዛዝ ላከ። እዚህ ሰፈር ብዙ ዓይነት ሐሰት አይቻለሁ፤ ሐሰቱን ሰምቶ ዶማ ይዞ የሚነሳ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

፫ኛ. ስላለፈው ቅዳሜ።

ሐጀራን አያውቋትም። በላይኛው ረድፍ ሦስተኛው በር፣ ከባለቤቷ ከሀይረዲን ጋር ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት፤ ጨው ጎድሎብኝ በሯን ባንኳኳ «ደግሞ መጣሽ?» እያለች በእፍኟ የምትሰጠኝ። ያን ጠዋት መደርደሪያው ሥር ተጎንብሳ ስኳር ትሰፍር ነበር። ሀይረዲን ማዶ የለስላሳ ሣጥን ሊቀበል ተሻግሯል። ቤኪ የሚባለው ኦፕሬተርዎ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ሰላምተኛ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ። ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ በሚያጮህበት መንገድ ላይ ለጥሩንባ ማን ዞር ይላል? የመጀመሪያውን በረንዳ ገፋው። ሁለተኛውን ገፋው። የሐጀራ በረንዳ ግን ማገሩ ከፊት ግድግዳው ጋር በብረት የታሰረ ስለነበር፣ የማሽኑ መዛቂያ ባኬት ቆርቆሮውን ሲስበው ብሎኬቱ ሁሉ አብሮ መጣ። ግድግዳ ሲወድቅ እንደ ነጎድጓድ ይጮሃል የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። እንደ ሰው ነው የሚተነፍሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ አቧራ ብቻ።

«ሚስቴ ውስጥ ናት! ሚስቴ ውስጥ ናት እኮ!» እያለ ሀይረዲን ሣጥኑን ጥሎ ሮጠ። ቤኪ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው፣ ሞተሩም ያጓራል፤ ባኬቱን እንደገና አነሳ። ሀይረዲን የማሽኑ የእግር ሰንሰለት ላይ ዘሎ ወጣ፣ ከመሬት ባነሳው ፌሮ መስታወቱን ሰበረ፣ ቤኪን በኮሌታው ጎትቶ በመስታወቱ ስብርባሪ ላይ አወረደው። ሀይረዲን ማለት ዶሮ ማረድ ፈርቶ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው። ቤኪ ደም በደም ሆኖ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋለት፦ «ወንድሜ፣ ቆይ ወንድሜ፣ እየው፣ ‹ነዋሪው ተነግሮታል› ይላል!»

«ለማነው የተነገረው? ለብሎኬቱ ነው?» አለና መጀመሪያ ስልኩን የያዘውን እጅ፣ ቀጥሎ መንጋጋውን መታው። ድምፁን ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። የእርስዎ የቀን ሠራተኞች ለቤኪ፣ የላይኛው ረድፍ ለሀይረዲን ሆነው በአካፋ ተፋለጡ። የአንዱ ሠራተኛ ጆሮ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ሆነ። እኛ ሴቶቹ በዚያ ሁሉ መሐል ተንበርክከን ሐጀራን በእጃችን ቆፍረን አወጣናት፤ ጥፍሬ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። መደርደሪያው ላይዋ ላይ ወድቆ ጭንቅላቷን አተረፈላት፤ ክንዷ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከሰዓት በኋላ የተበተነ ሽንኩርቷን ስንለቅም ሁለት የሰው ጥርስ አብሮ ተለቀመ። የማን እንደሆነ ስላልታወቀ በወረቀት ጠቅልለን አስቀምጠነዋል፤ ከባለድርሻ አካላት የአንዱ መሆኑ አይቀርም።

ቤኪ ሆስፒታል ነው፣ በቀጭን ቱቦ ይመገባል። ሀይረዲን ጣቢያ ነው። እርስዎ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ቢሮዎ ነዎት።

፬ኛ. ለትክክለኛ አመዘጋገብዎ ልዩ ምስጋና አለኝ። ፕሮግራሙ ቅዳሜ ሥራው ለምን እንደቆመ ጠየቀ። መልሱ የሚመረጠው አስቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር ሲሆን፣ ዝርዝሩ ሦስት ነገር ብቻ ይዟል፦ የአየር ሁኔታ፣ የግብዓት እጥረት፣ የመብራት መቋረጥ። «ሴት ተቀበረች» የሚል የለም። ሶሊያና ደወለችልዎ፤ እርስዎም «የአየር ሁኔታ በይው» አሉ። ስለዚህ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቅዳሜ የሐጀራ ክንድ ዝናብ ሆኖ ተመዘገበ፣ የቤኪ መንጋጋ ዝናብ ሆነ፣ የሁለት ሰዓት መዘግየት ተባለና ሰኞ ጠዋት ገጹ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ ራሱ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ያን ዕለት ጠብታ አልጣለም።

፭ኛ. ስለሚመጣው ቅዳሜ። ሶሊያና ከመልቀቋ በፊት ያየችው የመጨረሻ ገጽ ላይ «ታችኛው ረድፍ፣ ነዋሪዎችን ማሳወቅ» አረንጓዴ ነው። ማንም አልነገረንም፤ ጋሼ ሰቦቃም ስልካቸውን ዘግተዋል። ነገር ግን በዚህኛው ጊዜ እኛ አውቀናል፣ ማወቃችን ደግሞ ከአለማወቃችን ይብሳል። በታችኛው ረድፍ አራት ቦታ የድንጋይ ክምር አለ። «ለመሠረት ነው» ይላሉ የሰፈሩ ጎረምሶች፤ የማን ቤት መሠረት እንደሆነ አይናገሩም። አንደኛው ክምር የእኔ መስኮት ሥር ነው። ማክሰኞ ከጓሮ ገጀራ ሲሳል ሰማሁ፣ ዛሬም ሰማሁ፤ አንድ ገጀራ ሁለት ቀን አይሳልም። ሁለተኛ ገጀራ አለ ማለት ነው። «በዚህ በኩል ከመጣ ከነባኬቱ እንቀብረዋለን» ሲባባሉ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ ሳቃቸውን ነው የፈራሁት።

ክቡርነትዎ፣ ባዶ እጄን እንዳልመጣ ለፕሮጀክት መሪዎች የሚሆኑ ጥቂት ምክሮች ይዤልዎ መጥቻለሁ፤ ቢሾፍቱ ድረስ ሳይሄዱ፣ ዓሣም ሳይበሉ።

የእድራችን ለፋፊ አንድ ሰው ሲያርፍ በየበሩ ይዞራል። ከመነሳቱ በፊት በቀኝ ኪሱ ሠላሳ አራት ጠጠር ይከታል። በሩ ላይ ቆሞ ይጠራል፤ ከውስጥ ሰው በስሙ «ሰምቻለሁ» ካላለው አይሄድም። ካለው አንድ ጠጠር ወደ ግራ ኪሱ ያሻግራል። ቀኝ ኪሱ ውስጥ አንዲት ጠጠር ካለች ቀብር አይወጣም፤ አለቀ። ይህ ሶፍትዌር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ አይሞትም፣ ዓርብንም አያውቅም። ዋናው ጥበቡ ግን፣ መነገሩን የሚመሰክረው ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው መሆኑ ነው። ይህቺን ብቻ ፕሮግራምዎ ውስጥ ቢያስገቧት፣ «አሳውቄያለሁ» የሚለውን ሣጥን የሚጫነው የቢሮዎ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሐጀራ ብትሆን፣ ዛሬ በሁለት እጇ ስኳር ትሰፍር ነበር።

ሌላው፣ ቀይ ቀለም ስድብ አይደለም። ቀይ ማለት እዚህ ጋ ሰው ይፈለጋል ማለት ነው። ሥራ መሪ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ቀዩን ፈልጎ፣ ጫማውን አስሮ ወደዚያ መሄድ አለበት እንጂ ቀለም መቀባት የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። በዚያ የምክንያት ዝርዝርዎ ላይም አራተኛ መስመር ያክሉበት፤ «ሌላ» ይበሉት፣ አጠገቡም ሰው የሆነውን ነገር በራሱ ቃል የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ይተዉ። ባዶ ቦታ የሚያስፈራዎ ከሆነ ችግሩ የሶፍትዌር አይደለም። በመጨረሻም በሳምንት አንድ ቀን ሳይነግሩ ይምጡ። እርስዎ ሳይነግሩ መምጣት እንደሚችሉበት ማሽንዎ አሳይቶናል።

እንግዲህ ስለ ታገሡኝ አመሰግናለሁ። ስለ ቦዩ፣ ስለ አረንጓዴው፣ በጠራራ ፀሐይ ስላዘነቡልን ዝናብም አመሰግናለሁ። ወንበርዎ ይመችዎ፣ ኔትወርክዎ አይቆራረጥ፣ ባትሪዎ አይለቅ፤ ከዚህ ሰፈር የሚነሳ አቧራም ወደ መስኮትዎ እንዳይደርስ ነፋሱን ወደ እኛ ይመልስልዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ ቅዳሜን በሕይወት ለማለፍ ያለ ክቡርነትዎ ፈቃድ ተስፋ የማደርገው ባለድርሻ አካል፣

ዙፋን ጂራታ
ታችኛው ረድፍ፣ አምስተኛው በር

ግልባጭ፦
ለሀይረዲን፣ ባለበት ጣቢያ
ለቤኪ፣ መናገር ባይችልም ማንበብ ስለሚችል
ለአየር ሁኔታ፣ ያለ ጥፋቱ ስሙ ስለጠፋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ በር ላይ ልለጥፍ ስነሳ ሐሙስ ከሰዓት ታችኛው ረድፍ ተሰበሰበና ቆየሁ። ሐጀራ ጄሶዋን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከላይ ወረደች። ልጆቹ «ሐጁዬ፣ አንቺ ግቢ፣ ይሄ የወንድ ጉዳይ ነው» ቢሏት እንዲህ አለች፦ «የወንድ ጉዳይማ አየሁት! አንዱን ጣቢያ፣ አንዱን ሆስፒታል አስገብቶ ለእኔ ጄሶ አተረፈልኝ። በሉ ድንጋዩን ተዉና መዶሻ አምጡ።» አንዱ ልጅ ሊከራከር ሲሞክር በደህና እጇ ጥፊ አቀመሰችው፤ ስብሰባው በዚሁ ተጠናቀቀ። አሥራ ሰባቱን በረንዳ እኛው በእጃችን፣ ሚስማሩን ሳይቀር እየነቀልን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አወረድነው። አንድ ሰው ጣቱን በመዶሻ መታ፤ ከዚህ ሌላ ደም አልፈሰሰም። ቀኑን ብትነግሩን ኖሮ ላይኛው ረድፍም የሚፈጀው ይህንኑ ያህል ነበር።

በቤኪ ቦታ የቀጠሩት አዲሱ ኦፕሬተርም መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየን «ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀን። ለካ ማንም አልነገረውም። ነገርነው። የማሽኑን ቁልፍ ግምጃ ቤቱ በር ላይ አንጠልጥሎ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ስለዚህ ቅዳሜ መሬቱ ተጠርጓል፣ ማሽኑ ቆሟል፣ የጠፋው የሚነዳው ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ይምጡልን እንጂ፣ ሠላሳ አራታችንም ደጃፋችን ላይ ቆመን እንቀበልዎታለን። ስለ ድንጋዩ አይስጉ፤ ሁሉንም በላይኛው ረድፍ ጫፍ ቆፍራችሁ በተዋችሁት ቦይ ውስጥ ጥለነዋል። በዕቅዳችሁ ላይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው ተብሏል፤ እውነተኛው ግን ጉልበት አይደርስም፣ ድንጋዩን ጎንበስ ያለ ሁሉ ያነሳዋል።